ንጹሕ የተመለሰ ወረቀት

በአንድ የክልል ከተማ በተካሄደ የደራስያን ጉባኤ ላይ ያየሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በመርሐ ግብሩ ላይ «የፈጠራ ጽሑፍ ወርክሾፕ» የሚል ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ወጣቶቹ በየተራ እየተነሡ ያመጡትን አነበቡ። ለሁሉም ተጨበጨበ። ከመድረኩ «በርታ»፣ «በርቺ»፣ «ተስፋ ያለው ብዕር ነው» ተባለ። መጨረሻ ላይ ያነበበችው ልጅ ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንድም የእስክሪብቶ ጭረት አላረፈበትም።

ማንም አልበደላትም። እንዲያውም ደስ ብሏት የወጣች ይመስለኛል። የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ያን ያህል ጸሐፊ በተሰበሰበበት አዳራሽ ውላ ጽሑፏን ያነበበላት አንድ ሰው አልነበረም። ሰምተዋታል፤ አላነበቧትም።

የደራስያን ጉባኤ ለጀማሪ ብዙ ይሰጣል። ትውውቁ፣ መጻሕፍቱ፣ በስም ብቻ የሚያውቁትን ደራሲ በአካል ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሁሉ ግን ሰው አንድ ቦታ ከተሰበሰበ በራሱ ጊዜ ይመጣል። በራሱ የማይመጣው፣ ረቂቁን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ከጸሐፊው ፊት ተቀምጦ «ገጽ አራት ላይ ጠፋሁ» የሚልበት ሰዓት ነው። ለዚያ ሰዓት የሚደረገው ዝግጅት ጉባኤው ሳይከፈት ሳምንታት ቀድሞ ይጀምራል።

## ድምፅ የሚሸፍነው

ጮክ ብሎ ማንበብ የራሱ ክብር ያለው ጥበብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ግጥም በጃዝ» አዳራሽ የሞላው ሰው ግጥምን በጆሮው መስማት ስለሚወድ ነው። ወርክሾፕ የሚመረምረው ግን ገጹን ነው፤ ገጹን ደግሞ የደራሲው ድምፅ ይሸፍነዋል።

በአማርኛ ሲሆን ሽፋኑ ይወፍራል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። በአንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ አንዲት እናት «ገና ነው» ብላ ብትመልስ፣ በዓሉን ማለቷ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለቷ? ደራሲዋ ስታነበው አጥብቃ ወይም አላልታ ስለምትለው አዳራሹ ውስጥ የሚጠራጠር የለም። ወረቀቱን ብቻውን የያዘ አንባቢ ግን ይቆማል፤ ሁለት መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ ከዐውዱ ለመረዳት ይሞክራል። እንዲህ ያለው መቆም ሲደጋገም አንባቢው ታሪኩን ትቶ ዐረፍተ ነገር መፍታት ይይዛል። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል መጨመር ነው። ቦታውን ለማወቅ ግን በዝምታ ያነበበ ሰው ያስፈልጋል።

የማሰሪያ አንቀጽም ጉዳይ አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ አርባ ቃል የሚሄድ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ተረስቷል። ደራሲዋ ግን ነጠላ ሠረዝ በሌለበት ቦታ ሳይቀር ትንፋሽ እየወሰደች፣ እየከፈለች ታነበዋለች። ምልልሱንም እንዲሁ፤ የአባትና የልጅን ንግግር ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ ትለየዋለች። ወረቀቱ ላይ ከሦስተኛው መስመር በኋላ ማን እንደተናገረ አይታወቅም።

አድማጩም ይቸገራል። አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘው ጉዳዩን ነው፤ ስደትን፣ የእናት ፍቅርን፣ ጦርነትን። ስለዚህ አስተያየቱ ስለ ጉዳዩ ይሆናል። «ስደት አንገብጋቢ ነገር ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ስለ ጽሑፉ ምንም አልተናገረም። በስንፍና አልፈርድበትም፤ እጁ ላይ ወረቀት የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል፤ የጽሑፍ ሥሩ ገጹ ነው።

## ከቅኔ ቤት የሚወሰደው

«እኛ አገር ሂስ አይወደድም፤ ሰው ይቀየማል» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልቀበለውም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በጎንደር የቅኔ ተማሪ የሠራውን ሰው ፊት ሲያሳርም የኖረበት አገር ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ቅኔውን ይቆጥራል። ወረቀት አይዝም፤ ሁሉ በቃሉ ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ግሡ ከተሳሳተ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ መምህሩ እዚያው ያርማሉ። ጓደኞቹም ይሰማሉ፤ ሲታረም በመስማት እነሱም ይማራሉ። በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል።

አንባቢ እዚህ ላይ ይይዘኛል። ቅኔ የሚታረመው በጆሮ ነው፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ይሸፍናል እያልኩ ነው። መልሱ ያለው በመጠኑ ላይ ይመስለኛል። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ። ከዚያ ሦስት ሦስት ቤት ያላቸውን ዘአምላኪየንና ሚ በዝኁን፣ አምስት ቤት ያለውን ዋዜማን፣ ስድስት ቤት ያለውን ሥላሴን እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ሁለት ቤት በጆሮ ተይዞ፣ ተገላብጦ ሊታይ ይችላል። አሥር ገጽ ልቦለድ አይቻልም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት የቅኔ ቤቱን አካሄድ በደንብ ይገልጸዋል፤ ሁለቱ ቤት ሳይቀና ስምንቱ አይሞከርም።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚወሰደው ይህ ነው፤ ትንሽ አምጥቶ በደንብ ማየት። ሙሉ ልቦለድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ወርክሾፕ ምንም አይረዳውም፤ ስለ አራት መቶ ገጽ በአንድ ሰዓት የሚባለው ነገር ጭብጥ ከመጥራት አያልፍም።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን «በማግሥቱ» የሚለው ነው። የቅኔ ተማሪ እርማቱ የማያስደነግጠው ነገ ሌላ ቅኔ ስለሚነግር ነው። እርማቱ በእሱ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይመስለውም። የእኛ ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው አንድ ዕድል ብቻ ሲሰጥ ትንሿ ነቀፌታ እንኳ የመጨረሻ ቃል ሆና ትሰማለች። የሚቀየመውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በሁለት ቀን ጉባኤ ውስጥም ቢሆን ሁለተኛ ዙር መኖር አለበት፤ ስምንት ሰው ካለ በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ እንደገና የጻፈውን አንድ አንቀጽ ብቻ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቢሰጥ በ40 ደቂቃ ያልቃል።

የማይወሰደውም አለ። ቅኔ የታወቀ ልክ አለው፤ መምህሩ ያንን ልክ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ልቦለድ እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ስለዚህ በአንድ መምህር ጆሮ ፋንታ የብዙ አንባቢ ዐይን ያስፈልገዋል።

## ስምንት ሰው፣ ስምንት ገጽ

ለአንድ ቡድን ስምንት ጸሐፊና አንድ አወያይ ይበቃል። ቡድኑ ከአሥር ሲያልፍ ሰዓቱ ይጣበባል፤ ከአምስት ሲያንስ አንድ ደፋር ተናጋሪ ክፍሉን ይይዘዋል። ለአንድ ረቂቅ 45 ደቂቃ ሲያዝ አራት ረቂቅ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ከሻይ ዕረፍት ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል። በሁለት ጠዋት ስምንቱም ይታያል። 24 ሰው ከተጠራ ሦስት ቡድን፣ ሦስት አወያይ፣ ሦስት ክፍል ማለት ነው። ትልቁ የባህል አዳራሽ ለዚህ አይሆንም፤ ወለሉ ላይ የተቸነከረ ወንበር ሰውን ፊት ለፊት አያስቀምጥም። ከአካባቢው ትምህርት ቤት ወይም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል መዋስ የተሻለ ነው።

ረቂቁ ከስምንት ገጽ አይለፍ፤ ግጥም ከሆነ ሦስት ይበቃል። አንድ ተሳታፊ የሰባት ጓደኞቹን ረቂቅ፣ ማለትም 56 ገጽ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ማንበብ አለበት። መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ቀጥሎ ምልክት እያደረገ። ሁለት ሳምንት ከተሰጠው በሁለት ቀን አንድ ረቂቅ ማለት ነው፤ ሥራ ላይ ላለ ሰውም ይቻላል። ጉባኤው ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀር የሚላክ ረቂቅ ግን አውቶብስ ውስጥ ይነበባል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይነበብም።

ሰነዱ በቴሌግራም ይላካል፤ እዚህ ላይ የፎንቱ ጣጣ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሆኖም በአሮጌዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ። እነዚያ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሰነዱ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል። ናይላን ወይም አቢሲኒካን በመሰለ የዩኒኮድ ፎንት ጽፎ፣ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ፣ ከመላኩ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ከፍቶ ማየት ይህን ያስቀራል።

በስልክ ማንበቡ ለመጀመሪያው ንባብ ይሆናል። ለሁለተኛው ወረቀት ያስፈልጋል፤ ኤ4፣ በአንድ ገጽታ የታተመ፣ ባለ 12 ነጥብ ፊደል፣ በመስመሮቹ መካከል አንድ ተኩል ክፍተት፣ በግራ በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር ኅዳግ። የገጽ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመስመር ቁጥርም ይኑረው፤ ማይክሮሶፍት ወርድ ራሱ ያወጣዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው «ገጽ 4፣ መስመር 12» ማለት ሲችል «መኻል አካባቢ ትንሽ ደከመብኝ» ማለቱን ይተዋል።

የወረቀቱን ወጪ ላስላው። አንድ ረቂቅ ለሰባት ጓደኞችና ለአወያዩ ሲባዛ 64 ወረቀት ነው፤ ለአንድ ቡድን 512፣ ለሦስት ቡድን 1536። ባለ 500 እሽግ ከሦስት ትንሽ ያልፋል። ከባነሩና ከቲሸርቱ በፊት ይህ በጀት ይያዝለት ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከረቂቁ ጋር ሦስት መስመር ማስታወሻ ይያያዝ፤ ጽሑፉ ምን እንደሆነ (ሙሉ አጭር ልቦለድ ነው ወይስ የረጅም ልቦለድ ክፍል)፣ ስንተኛ ረቂቅ እንደሆነ፣ ጸሐፊውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ምን እንደሆነ። አብዛኛው ሰው የሚያመጣው በጣም የሚኮራበትን ገጽ ነው። የሚጠቅመው ግን እምቢ ያለው፣ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ያልቀናው ገጽ ነው። ያለቀ ገጽ የሚፈልገው ጭብጨባ ነው፤ ጭብጨባ ደግሞ ሌላ መድረክ አለው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ጠዋት ከተያዘ ወርክሾፑን ይበላዋል፤ የክብር እንግዳው ይዘገያሉ፣ ንግግሩ ይረዝማል፣ ሻይ ይከተላል፣ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ወርክሾፑን ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ መክፈቻውን ከቀኑ 8 ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ባለሥልጣኑም ከሰዓት በኋላ መምጣት አይከብዳቸውም።

## አርባ አምስት ደቂቃ

አወያዩ ሰዓት ይይዛል። ደራሲው መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ብቻ ያነባል፤ ሁለት ደቂቃ። ድምፁ እንዲሰማና ክፍሉ ወደ ጽሑፉ እንዲመለስ ነው። ቀጥሎ ስምንት ደቂቃ አንባቢዎቹ ያነበቡትን ይናገራሉ፤ ማን ነው የሚተርከው፣ የት ነው፣ ምን ሆነ? ምንም ፍርድ የለበትም። ከሁሉም ክፍል ይህንን እወደዋለሁ፤ ደራሲው በጽሑፉ ውስጥ አለ ብሎ ያሰበውና አንባቢው እጅ የገባው የተለያዩ መሆናቸው እዚህ ይታያል። ለምሳሌ ደራሲዋ በታሪኩ ውስጥ ያለው ባል እንደሞተ ታውቃለች፤ ከስምንቱ አንባቢዎች አምስቱ የተሰደደ መስሏቸዋል። ከዚህ በላይ የሚጠቅም ሂስ የለም፤ ማንም ግን አልነቀፋትም።

ከዚያ 15 ደቂቃ የማረካቸውን ቦታ በገጽና በመስመር እየጠቀሱ ያወራሉ፤ 15 ደቂቃ ደግሞ የቆሙበትን። የመጨረሻው አምስት ደቂቃ የደራሲው ነው፤ ይጠይቃል እንጂ አይከራከርም።

ደራሲው እስከዚያ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ወርክሾፕ በዚህ ልማድ ይታወቃል። የእኛው ዳኛቸው ወርቁም አዮዋ ተምረዋል፤ ኋላም ስለ ጽሑፍ ጥበብ በአማርኛ መመሪያ ጽፈውልናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለዚህ የተበጀ ይመስላል፤ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ደራሲው እየዞረ «እዚህ ጋ ልል የፈለግሁት…» ማለት አይችልምና ከአሁኑ ይልመደው። ሆኖም ፍጹም ዝምታውን አልደግፍም። ጀማሪው ክፍሉ በተሳሳተ መንገድ ሲሮጥ አርባ ደቂቃ እየተቃጠለ መቀመጥ የለበትም። አሜሪካዊቷ የዳንስ አቀናባሪ ሊዝ ለርማን ያደራጀችው ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል። በእሱ ሥራውን ያቀረበው ሰው ራሱ ቀድሞ ይጠይቃል፤ ሌሎቹም አስተያየት ከመስጠታቸው በፊት «ስለዚህ ቦታ ሐሳብ አለኝ፣ ልናገር?» ብለው ያስፈቅዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረቂቁን ላሳየ ሰው ይህ ይስማማዋል።

በአማርኛ ክፍል ውስጥ ከዝምታው የበለጠ የሚያስቸግረው አክብሮቱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር ይኖራሉ፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ጋ ያንዛዙታል» ልትል አትችልም፤ መቻልም የለባትም። መፍትሔው የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት መለወጥ ነው። «ተራኪው ገጽ ሦስት ላይ ሁለት ጊዜ ያስረዳል፤ እኔ በመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር» ትበል። አንቱታው እንዳለ ይቆያል፤ ሂሱም አይለዝብም። አወያዩ ይህን ገና ሲጀምር ደንብ አድርጎ ከተናገረው፣ ከጋሼ ጀምሮ ሁሉም ዕፎይ ይላል። ትልልቆቹም በእውነት መነበብ ይፈልጋሉ።

## አቼቤ ያነበበው ረቂቅ

ስለ ተጋባዥ ደራሲ ሳስብ ማካሬሬ ትመጣብኛለች። ሰኔ 1954 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 1962 መሆኑ ነው፣ ካምፓላ በሚገኘው የማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የአፍሪካ ደራስያን ተሰበሰቡ። ቺንዋ አቼቤ፣ ወሌ ሾይንካ፣ ክሪስቶፈር ኦኪግቦ፣ ኤዝኪኤል ምፋህሌሌ ነበሩ፤ ከአሜሪካ ላንግስተን ሂዩዝ መጥቶ ነበር። ብዙ ክርክር ተካሂዷል፤ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም።

እኔን የሚይዘኝ ከክርክሩ ውጪ የሆነው ነው። ጄምስ ንጉጊ የሚባል የማካሬሬ ተማሪ ነበር፤ በኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የምንለው። እስከዚያ ያሳተመው ጥቂት አጫጭር ልቦለድ ብቻ ነው። በኋላ እንደጻፈው፣ በጉባኤው ላይ ዋና ምኞቱ አቼቤ የልቦለዱን ረቂቅ እንዲያይለት ነበር። አቼቤ ያን ጊዜ 31 ዓመቱ ነው፤ ሁለት ልቦለድ አሳትሟል፤ በኋላም ሃይነማን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ላወጣው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ አማካሪ አርታዒ ሆነ። ረቂቁን ተቀበለው፤ የቻለውን ያህል ገጽ አነበበ፤ ከልጁ ጋር ተነጋገረበት፤ ለአሳታሚውም መንገድ ከፈተለት። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ።

«የቻለውን ያህል ገጽ»። ይህችን ነጥብ ደጋግሜ አስባታለሁ። አቼቤ ሁሉንም አላነበበም፤ በሥራ በተጨናነቀ ጉባኤ መኻል ሊያነብም አይችልም። የተወሰነ ገጽ በጥሞና አነበበና ተነጋገረበት፤ ያም በቃ። ንጉጊ ያን ቀን ያገኘው ግን በራሱ ድፍረትና በአቼቤ ቸርነት ነው። በዚያው ግቢ ውስጥ ረቂቅ ይዞ ያልደፈረ ሌላ ተማሪ ስለ መኖሩ ታሪክ የሚነግረን ነገር የለም። ጉባኤ አዘጋጅ ማለት ያን አጋጣሚ መርሐ ግብር የሚያደርግ ሰው ነው፤ ያልደፈረውም እንዲደርሰው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ተጋባዥ ደራሲውን ሲጋብዙ የሚፈለግባቸውን በጽሑፍ ማስታወቅ ነው፤ ሦስት ረቂቅ፣ እያንዳንዱ ስምንት ገጽ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የሚላክ፤ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ 20 ደቂቃ ለብቻ። የሚከፈላቸውም ለዚህ ጭምር መሆኑ ይነገራቸው፤ ንባብ ሥራ ነው። ይህ ካልተጻፈ በጠዋት አውሮፕላን መጥተው፣ ንግግር አድርገው፣ ከምሳ በኋላ ይመለሳሉ፤ አይፈረድባቸውም፤ የተጠሩት ለንግግር ነው። የሕዝብ ውይይቱም ቢሆን የተሻለ ሊሆን ይችላል። «ደራሲ እንዴት ሆኑ?» በሚለው ፋንታ፣ ከታተመ ሥራቸው አንድ ገጽና የዚያው ገጽ የቀድሞ ረቂቅ ጎን ለጎን ስክሪን ላይ ይታይ። ምን ሰረዙ? ለምን? በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው ስለ ጽሑፍ ከሕይወት ታሪክ የማያገኘውን ያገኛል።

## ያልተጠሩት

ማካሬሬ ሌላ ነገርም አለባት። ጉባኤው የተጠራው «በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን» በሚል ነበር። ንጉጊ ራሱ በኋላ እንደተቆጨበት፣ ታላቁ የስዋሂሊ ገጣሚ ሻባን ሮበርት በዚህ ርዕስ መግባት አይችልም ነበር፤ በዮሩባ የሚጽፈው ፋጉንዋም እንዲሁ። ሻባን ሮበርት በዚያው ወር ዐረፈ። በዚያው ሚዛን ከበደ ሚካኤልም መንግሥቱ ለማም በአማርኛ ሥራቸው በር ላይ በቀሩ ነበር። ከ38 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2000፣ አስመራ ላይ የተሰበሰቡ ጸሐፍትና ምሁራን ባለ አሥር ነጥብ መግለጫ አውጥተው፣ የአፍሪካ ቋንቋዎች ስለ አህጉሪቱ የመናገርን ኃላፊነት ይውሰዱ አሉ።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ በተገፋው ወገን መቆም ይቀናዋል። የክልል ጉባኤ ሲጠራ ግን ቦታው ይቀየራል። ባሕር ዳር ላይ ለሚጠራ ጉባኤ በአዊኛ፣ በኽምጣኛ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፉ ወጣቶች የክልሉ ልጆች ናቸው፤ ሐዋሳ ላይ ሲጠራ በሲዳምኛ የሚጽፉት የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። ጥሪው በአማርኛ ብቻ ከወጣ፣ አወያዩም አማርኛ ብቻ ከቻለ፣ እኛም ማካሬሬ የዘጋችውን በር መልሰን ዘጋን ማለት ነው። ጥሪውን በየቋንቋው ማውጣት፣ ለቋንቋው ከሁሉ አስቀድሞ አወያይ መፈለግ ያስፈልጋል። ሦስት ጸሐፊ ብቻ ከተገኘ፣ ከአምስት ቢያንሱም፣ ሦስቱ አንድ ቡድን ይሁኑ፤ በአንድ ጠዋት ይጨርሳሉ። ተርጉመው ወደ አማርኛው ቡድን እንዲገቡ ማድረግ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ በትርጉም የሚታረመው ትርጉሙ እንጂ ጽሑፉ አይደለምና።

## ስምንቱ ቅጂ

ጉባኤው ሲያልቅ ጸሐፊው ስምንት ምልክት የተደረገባቸው ቅጂዎች ይዞ ይወጣል። በዚያው ሌሊት ከፍቶ ማስተካከል ይቃጣዋል፤ ሳምንት ቢያስቀምጣቸው ይሻላል። ትኩስ ሳለ የሚሰማው ጎላ ብሎ የተናገረው ሰው ድምፅ ነው፤ በሳምንቱ ሁሉም ምልክት እኩል ይታያል።

ከዚያ አንድ ንጹሕ ቅጂ አትሞ፣ የስምንቱን ምልክት ገጽ በገጽ እዚያ ላይ ይሰብስብ፤ ለየሰው የተለያየ ቀለም ቢጠቀም ጥሩ ነው። የአንዱ ብቻ ምልክት ያለበት ቦታ የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀለም የተገናኘበት ቦታ ግን ችግር አለው፤ ሦስቱ የሰጡት ምክንያት ቢለያይም፣ እርስ በርሱ ቢጋጭም። አንዱ «ረዘመ» ብሏል፣ አንዱ «በጣም ተቻኮለ»፣ ሦስተኛው «ይህች ሴት ማን ናት?» ብሏል። ሦስቱም የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ምናልባት ከዚያ ሁለት ገጽ ቀደም ብሎ ሴትዮዋ ሳትተዋወቅ ቀርታለች። አንባቢ የሚቆምበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አይስትም፤ መድኃኒቱን ግን ይስታል። ስለዚህ ቦታውን መያዝ፣ የታዘዘውን መድኃኒት መተው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ሳይለያዩ በፊት ደግሞ ከቡድኑ ሁለት ሁለት ሰው ይጣመር። እንደገና የተጻፈውን ስምንት ገጽ የሚለዋወጡበት ቀን፣ ከስድስት ሳምንት ባይርቅ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቆረጥ። ቀኑ ያልተቆረጠለት «እንላላካለን» አይላላክም። አዲሱ ረቂቅ ሲላክ ከላይ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደተለወጠ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ አንባቢው ግን ጽሑፉን አንብቦ እስኪጨርስ እነዚያን ሁለት መስመሮች አያያቸው።